ዘጠና ስድስቱ ትራሶች

ሬሳውን ያገኙት ባልና ሚስት መጀመሪያ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ ፈርመዋል። እየቀለድኩ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሶልትሃም መንደር ያለው ቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ፤ ጭቃ የነካ ጫማቸውን ጠረጉ፤ በሩ አጠገብ የተዘረጋው መዝገብ ላይ ስማቸውንና የመጡበትን ከተማ ጻፉ፤ አስተያየት በሚለው ቦታ ደግሞ «ግሩም ጸጥታ» አሉ። ጸጥታውስ እውነት ነበር።

ከዚያ የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው ወደ ሰር ራኑልፍ መቃብር ሄዱ። ሰው ሁሉ ሶልትሃም የሚመጣው ለእሱ ነው። ሰር ራኑልፍና ሚስቱ ሌዲ ኢዞልዳ ከነጭ አልባስጥሮስ ተጠርበው ጎን ለጎን ከተጋደሙ ስድስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። እሱ የጦር ልብሱን እንደለበሰ፣ እሷ ራሷን ባለ ዘርፍ የድንጋይ ትራስ ላይ አሳርፋ፣ እግሯ ሥር ቡችላ ተኝቶላት። ዙሪያቸውን አሥራ ሁለት ትንንሽ የድንጋይ አልቃሾች ቆመውላቸዋል። የጌቶቹን አፍንጫ የድሮ አክራሪዎች በመዶሻ ወስደውታል። የዚያን ቀን ግን ከመቃብሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ሦስተኛ ሰው ተጋድሞ ነበር።

«መጀመሪያ እሱም ሐውልት መስሎኝ ነበር» አለችኝ ሚስትየዋ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ። «ካፖርት መልበሱን ሳይ ነው የደነገጥኩት። ይቅርታ... መዝገቡ ላይ የጻፍነውን እንሰርዘው ይሆን?»

«ይቆይ» አልኳት።

እኔ ግዌንዳ ሃርካስል እባላለሁ። ያኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምፈራው አለቃ ስለሌለኝ እንዳመጣልኝ እናገራለሁ።

ሟቹ ሊዮኔል ሃክስቢ ይባላል። ዕድሜው ስልሳ ስምንት፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር። ከኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመትቷል፤ አንዱ ግን በቅቶታል። የመታው የእንጨት መዶሻ መቃብሩን ተደግፎ ቆሟል፣ እጀታው ተወልውሎ። የድንጋይ ጠራቢ መዶሻ ነው፤ ሐውልቱ እየታደሰ ነበርና። ሐኪሙ ዓርብ ከቀኑ አሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው አለ። አስገራሚው ነገር ከጭንቅላቱ ሥር ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው ሲጸልይ የሚንበረከክባት፣ በጥልፍ የተሠራች ጠፍጣፋ ትራስ አለች። እሷን አንድ ሰው ራሱ ሥር አድርጎለታል። ቀይ ናት፤ መሐሏ ላይ ደረተ ቀይ ወፍ ተጠልፎባታል።

ረዳቴ ሳጅን ኪትሰን፣ አፉ ከቺፕስ ተለይቶ የማያውቅ ወፍራም ሰው፣ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አለቃዬ፣ ገድሎ ትራስ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ።

«ሌዲ ኢዞልዳን እያት» አልኩት። «እሷም ትራስ ላይ ነው ያለችው። ይኼ ሐውልቱን ሲያይ የሚውል ሰው ሥራ ነው።»

እንዴት ብልህ ነኝ! ያችን አነጋገሬን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ለእሷ ዕዳ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ቄሷ ክሌሜንሲ ዋይት እየሮጠች መጣች። ሰባት ደብር ስላላት ሁልጊዜ ትሮጣለች፤ ስንሞትም እየሮጠች ነው የምትቀብረን።

«ሊዮኔል ጠላት ነበረው?» አልኳት።

«ሊዮኔል ሐሳብ ነበረው» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። «ከጠላት ይብሳል። አግዳሚ ወንበሮቹን አስወጥቶ ለጎብኚዎች የሚሆን አዳራሽ ሊያደርገው ነበር። ሻይ ቤት፣ ፖስት ካርድ... ትናንት መንበርከኪያ ትራሶቹን በሙሉ ራሱ ሰብስቦ ከረጢት ውስጥ ከቷቸዋል። ሰኞ የቆሻሻ መኪና ይመጣል ብሎኝ ነበር።»

ዕቃ ቤቱን ከፈተችልኝ። ስምንት ጥቁር ከረጢት በሰልፍ ተደርድሯል፤ አፋቸው በክር አምሮ ታስሯል።

«የተቃወመ ሰው የለም?»

«ኢንስፔክተር፣ አገርዎን አያውቁትም? እዚህ ማን ይቃወማል? ‹በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው ሊዮኔል› ይሉና ሦስት ዓመት አያናግሩትም።» ትንሽ አሰበች። «የጮኸበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ድንጋይ ጠራቢው። ሐሙስ ዕለት እዚሁ ‹ገና ይኼ ሐውልት በላይህ ላይ ይወድቃል› ብሎታል። ስሙ ዴንዚል ትሬጊር ነው።»

ኪትሰን ማኘኩን አቆመ። ዴንዚል ትሬጊርን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ የእርሳስ ማዕድን ልባስ ሲገፍፍ ይዤ ወህኒ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

መቃብሩን ዞሬ አልቃሾቹን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው።

አሥራ ሁለተኛው አልቃሽ በዴንዚል የሥራ መኪና ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተገኘ። ኪትሰን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው።

«ወይ ዕድሌ!» አለ ዴንዚል ግንባሩን መትቶ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ ሁሉ ነጭ አቧራ። «እንግሊዝ አገር ውስጥ ስንት ፖሊስ አለ፤ አንቺ ትመጪብኝ?»

«ለምን ሰረቅከው?»

«አልሰረቅኩትም። ተላቆ ወደቀ፤ ወገቡ ተሰንጥቋል። ለሃክስቢ ነገርኩት። ‹የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ካልመጣ እንዳትነካው› አለኝ። ፈቃዱ እስኪመጣ ስንጥቁ አንገቱ ይደርሳል! ቤቴ ወስጄ በድብቅ ልጠግነው ብዬ ነው። እስቲ በእናትሽ፣ የድንጋይ አልቃሽ ሰርቄ ምን ላደርገው? ሰው ሲሞትብኝ ላስለቅሰው?»

«መዶሻው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። እዚያው ነው የማሳድረው።»

«ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

አቧራውን ከእጁ አራገፈ። ከዚያ ከበፊቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከተማ» አለኝ። «ለልጄ አልጋ ልገዛ ሄጄ። ለፋሲካ ከእኔ ጋር ልትኖር ትመጣለች፤ አሥር ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ተመላልሼ ነው እሺ ያሉኝ። ሱቁ ግን በጊዜ ዘግቷል። በመስኮት አይቼ ተመለስኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«አልጋው አይቶኛል» አለኝ።

ማስረጃው ከበቂ በላይ ነበር፤ መዶሻው፣ ጠቡ፣ አልቃሹ፣ የድሮ መዝገቡ። ያዝኩት። ሕጉ ክስ ሳልመሠርት የሚፈቅድልኝ አራት ቀን ነው፤ እስከ ረቡዕ። መኪና ውስጥ ሲገባ ዞር ብሎ፣ «አንድ ነገር ብቻ» አለኝ። «እነዚያ የቢሮ ሰዎች መታሰሬን ከሰሙ ልጄን አይሰጡኝም። ቶሎ በይ እባክሽ።» እባክሽ ማለቱ ከስድቡ በላይ ከበደኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል ከረሃብ ያዳነችን ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኦትዌይ ነበረች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ። ቅዳሜ ትሪ ሙሉ ሳንድዊችና ሻይ ይዛ መጣች፤ እሁድም መጣች። ኪትሰን የእንቁላሉን ሳንድዊች ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰኞ እኔው ወደ ቤቷ ሄድኩ፤ ጎረቤት ሁሉ መጠየቅ ነበረበትና።

ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ተሰቅሏል፤ የዓሣ አጥማጅ ሹራብ የለበሰ፣ ፀሐይ ዓይኑን ያጨነቆረችበት ጎረምሳ።

«ልጅዎ ነው?»

«ኔድ ነው። ባሕር ከወሰደው ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ጀልባዋ ከነሰዎቿ ቀረች።» ሻይ ቀዳችልኝ። «ስኳር ስንት ላድርግልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አንድ ይበቃኛል። ዓርብ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ነበር?»

«ምን ላደርግ? አበባ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ግን ጾም ነው። በጾም አበባ የለም። ከእሁድ ቅዳሴ በቀር እስከ ፋሲካ እዚያ ሥራ የለኝም። ቤቴ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር።»

እውነቷን ነው። በጾም መንበሩ ራቁቱን ነው የሚቆመው፤ ማንም ቢሆን ቅጠል አያስገባም። ማስታወሻዬ ላይ ምልክት አደረግሁና ዘጋሁት።

ስነሳ፣ «ያሰርሽው ሰውዬ» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ ኩባያ እያጠበች። «ልጅ አለችው ይባላል።»

«አለችው።»

«እስከ መቼ ነው የምታቆዪው?»

«እስከ ረቡዕ። ረቡዕ ወይ እከሰዋለሁ ወይ እለቀዋለሁ።»

«ረቡዕ» አለች። ኩባያውን አንዴ አጥባው ነበር፤ እንደገና አጠበችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም የአሮጊት ዝምታ ነው ብዬ ወጣሁ።

የሰኞ ከሰዓታችን በአንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ላይ ባከነ። ዓርብ ዕለት መዝገቡ ላይ «እንዲህ ያለ አልባስጥሮስ ቤቴ ቢኖር!» ብሎ ጽፏል። ኪትሰን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ሄደ። ሰውዬው መዝገቡ ላይ የፈረመው ከምሳ በፊት ነው፤ በአሥር ሰዓት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ነርሷ እንዴት እንደጮኸ ሳይቀር ነገረችው።

ማክሰኞ ጠዋት የበላይ አለቃዬ ደወለልኝ።

«ሃርካስል፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ክሰሺው እንጂ! መዶሻው የሱ፣ ጠቡ የሱ፣ የተሰረቀው መኪናው ውስጥ!»

«ትራሱ ይከነክነኛል ጌታዬ።»

«የምን ትራስ?»

«ዴንዚል ቢገድለው ጥሎት ይሮጣል እንጂ ራሱን ደግፎ አያስተኛውም። የተናደደ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

«ኧረ ባክሽ! ነገ ክሱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ልናገረው ግን አልችልም፤ ወረቀቱን ያስያዝኩት እኔ ነኛ።

ወዲያው የላቦራቶሪው ፖስታ መጣ። ትራሷን ገልብጠው ከሥሯም ፎቶ አንስተዋታል። ከፊት ለፊት ወፏ ብቻ ናት፤ ከሥር ግን ጥግ ላይ አውራ ጣት የማታክል ነጭ ጨርቅ ተሰፍታለች። ሁለት ፊደል አለባት፤ አ. ሃ.።

«ሃክስቢ?» አለ ኪትሰን። «ሊዮኔል ግን በ‹አ› አይጀምርም።»

ቤተ ክርስቲያን ሄደን ከረጢቶቹን ፈታን። ትራስ በትራስ ላይ ወለሉን ሞላው። መልሕቅ፣ በግ፣ የስንዴ ነዶ፣ ጽጌረዳ፣ ወፍ። እያንዳንዷ ከሥሯ ሁለት ፊደል አላት። ቄሷን ጠራኋት።

«እነዚህ ፊደሎች ምንድን ናቸው?»

«የሙታን ስም ነው» አለች። «አምስት የመንደሩ ሴቶች ናቸው የጠለፏቸው። ስንት ዓመት ፈጅቶባቸዋል! ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ይሠሩለታል። ሐውልት የማይቆምለት ሰው መቼም ትራስ አያጣም። ቆይ፣ ዝርዝሩ የሆነ ቦታ አለ።» ዕቃ ቤቱን በረበረችና አቧራ የበላው ደብተር አመጣችልኝ። ቁጥር፣ ሥዕል፣ ስም። የመጨረሻው ቁጥር ዘጠና ስድስት ነበር።

ጣቴን እያንሸራተትኩ ወረድኩ። ስልሳ አንደኛው ላይ ቆምኩ። «ደረተ ቀይ ወፍ። አግነስ ሃክስቢ።»

«አግነስ ማን ናት?»

«የሊዮኔል እናት።» ቄሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እናቱን... እሷንም ከረጢት ውስጥ ከቷት ነበር ማለት ነው?»

«ታዲያ ከጭንቅላቱ ሥር ማን አመጣት?» አለ ኪትሰን። «ገዳዩ በአጋጣሚ እጁ የገባችውን ስቦ ቢሆንስ?»

«ደረተ ቀይ ወፍ ያለባቸውን ለይልኝ።»

ወፍራሙ ሰውዬ ተንበረከከ። ጊዜ ፈጀበት። አሥር አገኘ፤ ላቦራቶሪ ካለችው ጋር አሥራ አንድ። አሥራ አንዱም ቀይ፣ አሥራ አንዱም ያው ወፍ። ስምንት ከረጢት ተፈትቶ፣ ከአሥራ አንድ አንድ ዓይነት ወፎች የሟቹ እናት ተለይታ ወጥታ፣ የልጇ ራስ ሥር ተደርጋ፣ ከዚያ ከረጢቶቹ በክር አምረው ታስረዋል። ይኼ ድንጋይ ጠራቢ የሚያውቀው ነገር አይደለም። የሐውልቱን ትራስ ያየሁት እኔ እንጂ ገዳዩ አይደለም። ገዳዩ ያሰበው እናትየዋን ነው። ሰው ገድሎ እንኳ ይሉኝታ የሚይዘው ከእኛ አገር ሰው በቀር ማን አለ?

«ሁሉንም ቁጠራቸው» አልኩት።

ሁለት ጊዜ ቆጠረ። «ዘጠና አራት። ከላቦራቶሪዋ ጋር ዘጠና አምስት። አንድ ጎድላለች አለቃዬ።»

ደብተሩ ላይ እያስተያየን ሄድን። የጎደለችው ሰማንያ ስምንተኛዋ ናት። ስሙን አነበብኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

«ክሌሜንሲ፣ ከአምስቱ ጠላፊዎች ስንቶቹ በሕይወት አሉ?»

በመስኮቱ ወደ መካነ መቃብሩ አየች። «አራቱ እዚያ ናቸው» አለችኝ።

ወይዘሮ ኦትዌይ በሩን ሳላንኳኳ ከፈተችልኝ። ካፖርቷን ለብሳ ነበር፤ ትንሽ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ረቡዕ ያልሽኝ መስሎኝ» አለች። «አንድ ቀን ቀድመሽ መጣሽ። ግዴለም፣ ግቡ።»

ወጥ ቤት ገባን። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ትራሷ አለች፤ ሰማያዊ፣ መሐሏ ላይ ትንሽዬ ጀልባ። ኪትሰን ኮፍያውን አወለቀ።

«ኔድ ኦትዌይ» አልኩ። «ሰማንያ ስምንተኛው።»

«ኔድ ነው» አለች። ከዚያ ቁጭ አለች፤ ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ዓርብ ቄሷ መንገድ ላይ አግኝታኝ ‹ሊዮኔል ትራሶቹን እየሰበሰበ ነው› አለችኝ። እየሮጠች ነው የነገረችኝ፤ ለእሷ ወሬ ነው። እኔ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ኔድን ስድስተኛው ውስጥ አገኘሁት፤ ከተቀደደ ምንጣፍ ጋር ታጭቆ። ይዤው ልወጣ ስል ሊዮኔል ገባ። ‹ዊኒፍሬድ፣ ያ እኮ ብል የበላው ጨርቅ ነው› አለኝ። እየሳቀ። ለመንኩት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ‹እሺ የኔን ልውሰድ፣ የሌሎቹንም ቤተሰቦቻቸው ይውሰዱ፤ ለሁሉም እኔ እነግራለሁ› አልኩት። ‹እንዲህ ካደረግን ማለቂያ የለውም› አለ። ‹እናትህም እኮ እዚህ ውስጥ ናት፤ አግነስ ናት፤ እሷን ስጠልፍ ዓይኔ ጠፍቷል› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹እሷንም ጣያት› አለኝ። እንዲሁ ቀለል አድርጎ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰር ራኑልፍን በመሐረብ ይወለውል ጀመር። ጎብኚ ስለሚመጣ።» እጆቿን አየች። «መዶሻው እዚያው ነበር። አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ማንሳት አልቻልኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ይቀዘቅዛል። አግነስን ፈልጌ አወጣሁለት። እናቱ ናት፤ ሌላ ማን ይያዘው? መዶሻውን ወልውዬ፣ ከረጢቶቹንም መልሼ አሰርኩ። ቤተ ክርስቲያን ዝርክርክ ብሎ አይታደርም።»

ኪትሰን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

«ወይዘሮ ኦትዌይ፣ አንድ ሰው አራት ቀን ታስሮልዎታል! ልጅ እንዳለችው ያውቃሉ! ሳንድዊች እያመጡልን ዝም ብለው...»

«ረቡዕ አልሽኛ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ረቡዕ ልመጣ ነበር፤ ሻንጣዬን አላየሽም? እስከ ረቡዕ ከኔድ ጋር ልቆይ ብዬ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ነው የኖረው፤ አንድ ቀን እንኳ ቤቱ አላደረም። ሰር ራኑልፍ አሥራ ሁለት የድንጋይ አልቃሽ አለው፤ አንዱ ሲሰነጠቅ እንኳ ጠጋኝ ይጠራለታል። ኔድ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ባሕር መቃብር አይሰጥም።»

ዴንዚልን አሰብኩ፤ ልጅቷን አሰብኩ፤ የእነሱንና የአሮጊቷን ኀዘን በአንድ ሆድ መያዝ አልሆንልሽ አለኝ። ሥራዬን ሠራሁ። ኪትሰን ትራሷን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሲያስገባት አሮጊቷ ተነስታ ቆመች።

«የት ነው የምትወስዷት?»

«ኤግዚቢት ናት። ጣቢያ መጋዘን ትቀመጣለች፤ ቁጥር ይሰጣታል።»

«እስከ መቼ?»

«የግድያ ማስረጃ አይጣልም። እርስዎ እስር ቤት እስካሉ ድረስ ትኖራለች።»

«ማንም አይጥላትም?»

«ማንም አይጥላትም።»

«እርግጠኛ ነሽ የኔ ልጅ?»

«ቃሌ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የካፖርቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች። «እንግዲህ እንሂድ» አለች። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ለልጇ ቋሚ ቦታ ያገኘችለት በእኔ መጋዘን ነው።

ዴንዚልን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ፈታሁት። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ።

«ተይው። የቢሮዋ ሴትዮ ትናንት ጠበቃዬ ጋ ደውላለች። ‹ሁኔታው እስኪጣራ› አለች። ፋሲካ ቀርቷል፤ መስከረም እናያለን ብላለች።»

«እኔ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ። ንጹሕ መሆንህን...»

«ጻፊ» አለኝ። «ያኔ ስትይዢኝ ሌባ ነበርኩ፤ ይገባኝ ነበር፤ አልተቀየምኩሽም። የአሁኑን ግን ለልጄ አንቺው አስረጃት።»

ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ። መስከረም መጣ፤ ሄደ። ልጅቷ ለእሱ የተሰጠችው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። አልቃሹን ግን ጠግኖ ቦታው መለሰው፤ ስንጥቁ የት እንደነበር አሁን ብትፈልጉ አታገኙትም።

ትራሶቹም አልተረፉም። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ «ሊዮኔል የጀመረውን እንፈጽምለት» አለ፤ ማንም አልተቃወመም። የቆሻሻው መኪና በሚያዝያ መጣ። ዛሬ አግዳሚዎቹ የነበሩበት ቦታ ሻይ ይሸጣል። ከሰር ራኑልፍ በላይ ግድግዳው ላይ «ሊዮኔል ሃክስቢ፣ ይህን ቤት የወደደ» የሚል ነጭ እብነ በረድ ተሰክቷል፤ ጎብኚዎች ፎቶ ያነሱታል።

ወይዘሮ ኦትዌይ እስር ቤት በገባች በሁለተኛው ክረምት በሳንባ ምች ሞተች። ከወር በኋላ አንድ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። መዝገቡ በሞት ተዘግቷል። ኤግዚቢት አንድ፣ የእንጨት መዶሻ። ኤግዚቢት ሁለት፣ ትራስ፣ ቀይ። ኤግዚቢት ሦስት፣ ትራስ፣ ሰማያዊ። መዶሻው ባለቤት አለው፣ ቀይዋም ወራሽ አላት፤ ይመለሱላቸው። ሰማያዊዋ ወራሽ የላትም፤ ትወገድ። ከሥሩ፣ «መቃጠሉን ያየ መርማሪ ፊርማ።»

መጋዘን ወረድኩ። ጠባቂው ፕላስቲኩን ሰጠኝ። ጓሮ ካለው ማቃጠያ ፊት ለፊት ብዙ ቆምኩ። ከዚያ መኪናዬን ከፍቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ ተመልሼ ገብቼ «ተቃጥሏል» ብዬ ፈረምኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት ውሸት የፈረምኩት ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ወጥ ቤቴ መስኮት ሥር ባለው ወንበር ላይ ናት። እኔ ጸሎት አላውቅም፤ ጉልበቴም አይታጠፍም። ግን እኔም ሰባ አራት ሞላኝ፤ ልጅ የለኝም። ስሞት ቤቱን የሚያጸዱት ሰዎች ይመጣሉ፤ ጥቁር ከረጢት ይዘው። ለእነሱ ምን ብዬ ጽፌ ልተው እያልኩ ስንት ወረቀት ቀደድኩ።